ከአመልካች እጅ ውሃ አይጠጣም

ዳላስ ደርሼ ተመለስኩ እላለሁ እንጂ የቱ ጋ እንደነበርኩ ብትጠይቁኝ በእርግጠኝነት የምነግራችሁ የለኝም። ደሴ የመጣ እንግዳ ቢያንስ ጦሳን አይቶ ፊቱንና ጀርባውን ይለያል። እዚያ አገር ተራራ የለም፤ ሰማይና መንገድ ብቻ ነው። ሰው መሄጃውን የሚያውቀው ስልኩ ውስጥ ካለች ሴትዮ ነው፣ እሷም አንዳንዴ ትሳሳታለች። ስለዚህ ይህን የምጽፈው መንገድ ላሳያችሁ ብዬ አይደለም። የደረሰብን ነገር እስከ ዛሬ ግራ እንዳጋባኝ ስላለ፣ ከእናንተ መሃል የሚገባው ሰው ቢገኝ ብዬ ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ ሲኒማ ቤት የነበረኝ ሰው ነኝ። ፊልም ጥሩ መሆኑን የማውቀው ተመልካቹ ማሳል ሲያቆም ነው። ይህን ሙያ ብለው ለፊልምና ለቴሌቪዥን ሥራ ድጋፍ የሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቦርድ አባል አደረጉኝ። አምስት ነን። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ አስቴር ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ውሳኔ የሚሰጡ ይመስላል።

ቦርዱ በሁለት ነገር አይቀልድም። ማመልከቻ ወደ እኛ የሚመጣው የባለቤቱ ስም ተነስቶለት በቁጥር ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ ካላወቅን አናዳላም። ሁለተኛው፣ ከአመልካች ምንም ነገር አይወሰድም። ወይዘሮ አስቴር ይህችን «ከአመልካች እጅ ውሃ አይጠጣም» ነው የሚሏት። የበላ አባል ይናገራል፣ ከድምፅ ይወጣል። ሦስት ሰው ከወጣ ምልአተ ጉባኤ የለም፣ ጉዳዩም ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል።

ዳላስ የወሰደን ማመልከቻ እዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያን በእረፍት ቀናቸው የሚሠሩት ተከታታይ ድራማ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሽማግሌ አገር ቤት ትልቅ ሰው ነበርኩ እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያታልሉ ኖረው፣ በመጨረሻው ክፍል ሦስት ዘመዶች ከኢትዮጵያ ይመጡባቸዋል። ያ ክፍል ብቻ ቀርቷል። የተጠየቀው ድጋፍ ሦስቱን ተዋንያን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ነው፤ እዚያ ያለው ሰው አማርኛው ውስጥ «ሶ» እና «ኦኬ» ስለገባበት ትናንት ከቦሌ የተነሳ መስሎ መጫወት አልቻለም። መሪ ተዋናዩ ደግሞ የዓይናቸው ብርሃን እየጠፋ ነው። የሰው ዓይን እያየሁ ካልሆነ አልጫወትም ብለዋል። በዚህ ዓመት ካልተቀረጸ ሥራው እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል።

ውጭ አገር የሚሠራ ነገር ቦታው ድረስ ተሄዶ ይታያል ይላል ደንቡ። እኔ፣ ወይዘሮ አስቴርና አቶ በላይ ተመደብን። የአመልካቹ ስም የሚነገረን ቅዳሜ፣ ቀረጻው ቦታ ስንደርስ ነው።

ሐሙስ

አቶ በላይ የቀድሞ ኦዲተር ናቸው። ከቤታቸው ውጪ ምግብ አያምኑም፣ ስለዚህ ለጉዞው በሶ አስፈጭተው ይዘዋል። ዋሽንግተን አውሮፕላን ልንቀይር ስንል ፈታሹ ሻንጣቸውን ከፍቶ ዱቄቱን በጓንቱ ቆንጠር አደረገና አየው። አሸተተው። ጓደኛውን ጠራ። እሱም አሸተተው። አቶ በላይ በእንግሊዝኛ «ገብስ ነው፣ በውሃ ይበጠበጣል» ቢሏቸው አልተዋጠላቸውም። በመጨረሻ ኩባያ አስመጥተው ፊታቸው በጥብጠው ጠጡላቸው። ፈታሾቹ ትንሽ ጠብቀው፣ ሰውየው አለመውደቁን አይተው አሳለፉን።

ዳላስ ላይ የተቀበለን ሰይድ ነው። የደሴ ልጅ ነው ብለው አንድ ዘመዴ ስልኩን ሰጥተውኝ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል እንዲያደርሰን የተዋዋልኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደመጣን አልነገርኩትም፤ «ለሥራ ነው» አልኩት፣ እሱም አልጠየቀም።

ሆቴላችን አዲሰን የምትባል ከተማ ነው ተባልን። እኔ ግን ከተማ አላየሁም። መንገዱ በመንገድ ላይ እንደ ሌማት እንጀራ ተደራርቦ፣ ከላይም መኪና ከታችም መኪና፣ አንድ እግረኛ የለም። ሆቴሉ ጋ ሰይድ መኪናውን ፓርክ አድርጎ አብሮን ገባ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ፈገግታ ከፊቷ ሳይለይ ክፍል ከለከለችን።

«ጋሼ፣ ክሬዲት ካርድ ትፈልጋለች» አለ ሰይድ።

«ክፍሉኮ ከአዲስ አበባ ተከፍሎበታል።»

«ኦኬ፣ እሱ ለክፍሉ ነው። ይሄኛው፣ ማለቴ፣ ድንገት አንድ ነገር ብትሰብሩ ለዲፖዚት ነው። ካሽ አይወስዱም።»

«እኛ ምን እንሰብራለን?» አሉ ወይዘሮ አስቴር። ዳኛ ሆነው ሲኖሩ ያልሠሩት ወንጀል አስቀድሞ ሲታሰብባቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ደሴ ቢሆን የሆቴሉ ባለቤት ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ «ሂሳቡን ነገ እናየዋለን» ይለኝ ነበር። ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተቀመጥን። አዲስ አበባ ደወልን፣ እዚያ ሌሊት ስለሆነ የሚያነሳ የለም።

«በቃ እኔ ቤት ትሄዳላችሁ» አለ ሰይድ። «አርሊንግተን ነው። ቅርብ ነው።»

ቅርብ ያለው ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ያህላል። መኪናው ውስጥ ወይዘሮ አስቴር ችሎት ከፈቱ።

«አቶ ሰይድ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ድራይቨር ነኝ እትዬ።»

«ሌላ ሥራስ? የጥበብ ሥራ፣ ፊልም ምናምን?»

«እኔ?» ሳቀ። «ፊልም ለማየት እንኳ ታይም የለኝም።»

ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው «ንጹሕ ነው» አሉኝ። ሾፌር አመልካች አይደለም፣ ስለዚህ ውሃው ይጠጣል።

ባለቤቱ ዘሀራ በሩን ከፍታ እንግዳ እንደምትጠብቅ ሰው ነው የተቀበለችን፣ ሰይድ ከመንገድ ላይ ደውሎላት ነበር። ሽሮና የዓሣ ወጥ ቀረበ። «ሥጋ ያልሠራሁት ለእናንተ ብዬ ነው» አለች። ክርስቲያኖች መሆናችንን ከስማችን አውቃ እኛ ሳንሳቀቅ እሷ ቀድማ አሰበችበት። እኔ ወሎዬ ስለሆንኩ ይህ አልገረመኝም፣ እዚያ ድረስ ተሻግሮ ማግኘቴ ግን አንጀቴን በላው። አቶ በላይ በሶአቸውን አወጡ። «አፈር ስሆን» አለቻቸው። «አመሰግናለሁ፣ ሆዴ ነው» ብለው በጠበጡ።

ልጆቹ ክፍላቸውን ለቀውልን ሳሎን አደሩ። ወይዘሮ አስቴር የተኙት ባለ ቀንድ ፈረስ በተሳለበት ሮዝ አንሶላ ነው። ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ብላቸው «እንደ ሙሽራ» አሉኝ። የምር ይሁን ቀልድ አላወቅሁም።

ዓርብ

ጠዋት ሁለት ነገር ደረሰብን።

አቶ በላይ እግራቸው ከአውሮፕላኑ ጀምሮ አብጦ ኖሮ ጫማቸው አልገባ አለ። ሰይድ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት ሲላቸው አቶ በላይ እምቢ አሉ። ሰይድ ስልኩን አወጣ። «አንድ ነርስ ኮል ላድርግ፣ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ከሺፍት አሁን ትወጣለች።» ማርታ የምትባል ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ከነሥራ ልብሷ መጣች፣ እግራቸውን ጫን ጫን አድርጋ አየች፣ ትራስ ላይ አሰቀለቻቸውና የበሶውን ከረጢት አነሳችው።

«ከትናንት ጀምሮ ይሄን ብቻ ነው የበሉት?»

«ለሆዴ ተስማሚ ነው።»

«ውሃስ?»

አቶ በላይ ከረጢቱን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡ። ማርታ መኪናዋ ውስጥ ለምሳዋ የያዘችውን የምስር ሾርባ አምጥታ አሞቀችው። «የጾም ነው፣ ይጠጡት። እስኪያልቅ አልሄድም።» ሌሊቱን ሙሉ ቆማ የሠራች ሰው ክንዷን አጣምራ ፊታቸው ስትቆም ኦዲተሩ እንደ ልጅ ጠጡ። ሳህኑን ሲመልሱ «ጨው ያንሰዋል» ከማለት ግን አልተመለሱም።

ሁለተኛው የወይዘሮ አስቴር መጥፋት ነው። «ትንሽ ልራመድ» ብለው ወጥተው ነበር። አርሊንግተን ውስጥ የሚራመድ ሰው የለም፤ የሰይድ መኖሪያ ግቢ ደግሞ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ያው በር፣ ያው ደረጃ፣ ያው የተከረከመ ሣር። እኔና ሰይድ በመኪና ዞርን። አጋጣሚውን ልጠቀም ብዬ «እግረ መንገዳችንን መሃል ከተማውን አሳየኝ» አልኩት። የመኪና ማቆሚያ አሳየኝ። ቀጥሎ ሌላ የመኪና ማቆሚያ። «ፒያሳው የት ነው?» ስለው «ጋሼ፣ እዚህ ፒያሳ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ነው» አለኝ። ይህም አልገባኝም።

ወይዘሮ አስቴርን ያገኘናቸው በራፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጎን ነው። አጠገባቸው ያለች ጠረጴዛ ላይ ሻይና ዳቦ አለ። ሽማግሌው ጋሽ ንጉሤ ይባላሉ። ወይዘሮ አስቴር በራቸው ላይ ሦስት ጊዜ እየተመላለሱ ሲያልፉ የእርምጃቸውን ድምፅ ሰምተው «እሜቴ፣ ይሄ ጫማ የዚህ አገር አይደለም፣ ጠፍተዋል መሰለኝ» ብለው ጠርተዋቸው ነው። መኪናው ውስጥ ወይዘሮ አስቴር ቀስ ብለው «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው» አሉ። ከዚያ ቀጥለው፣ «ዳቦውን ራሳቸው ናቸው የጋገሩት።» እሳቸው ሰው ሲያሞግሱ ሰምቼ ስለማላውቅ ዞሬ አየኋቸው።

ቅዳሜ

ቀረጻው የሚካሄድበት አዳራሽ በልብስ ማጠቢያና በጎማ መሸጫ መሃል ያለ፣ ከውጭ ሱቅ የሚመስል ነገር ነው። ሰይድ «እዚህ ነው ሥራችሁ?» ብሎ መኪናውን አቆመና የአዳራሹን በር ደጋግሞ አየ። ወይዘሮ አስቴር ኮታቸውን ቆልፈው፣ በሩ ላይ ቆመው አስታወሱን። «ከዚህ በኋላ ውሃ እንኳ።» አቶ በላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ።

በሩ ተከፈተ። ካሜራው ጎን ቆማ የምትጠብቀን ማርታ ናት። ወንበሩ ላይ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው የተቀመጡት ጋሽ ንጉሤ ናቸው። ከመጋረጃው ጀርባ የወሬኛ ጎረቤት ልብስ ለብሳ ብቅ ያለችው ዘሀራ ናት።

ወይዘሮ አስቴር ከጽሕፈት ቤቱ የተሰጣቸውን ፖስታ ቀደው አነበቡና ለአቶ በላይ ሰጡ፣ አቶ በላይ ለእኔ። አመልካቹ እድር ነው። የዳላስና የአካባቢዋ ኢትዮጵያውያን እድር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት። ያበላን ሁሉ፣ ያጠጣን ሁሉ፣ እግር ያከመን ሳይቀር አባል ነው።

«እናንተ ናችሁ ቦርዱ?» አለች ማርታ።

«ሳታውቁ ነው ያስተናገዳችሁን?» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

«ሆቴል የከለከላቸው እንግዶች አሉ ብሎ ሰይድ የስልክ ግሩፓችን ላይ ጻፈ። ከአገር ቤት የመጣ ሰው መንገድ ላይ ከቀረ ቅርብ ያለው አባል ያሳድረዋል፣ ሌላው ያግዛል። ማን እንደሆነ አይጠየቅም። የእድራችን ደንብ ነው።»

እኛም ማን እንደሆነ አንጠይቅም ብለን ነበር የመጣነው። እንዳናዳላ ስም አስነስተን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ሄደን ከአመልካቹ መሶብ ላይ ተቀመጥን። ሰይድን «ታውቅ ነበር?» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ ዊኬንድ እሠራለሁ፣ ሚቲንግ ላይ አልገኝም» አለኝ። አላውቅም ነበር ግን አላለም። እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወይዘሮ አስቴር ቆመው ውሳኔውን ተናገሩ። ሦስታችንም ተቀብለናል፣ ሦስታችንም እንወጣለን፣ ጉዳዩ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። ሲናገሩ እጃቸው የኮታቸውን ቁልፍ እየፈታ ይቆልፍ ነበር።

«ለሚመጣው ዓመትኮ ጋሽ ንጉሤ አያዩም» አለች ማርታ። «ስክሪፕቱን አሁን እንኳ እኔ ነኝ እያነበብኩላቸው በቃል የሚይዙት።»

«አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ ሽማግሌው ተናገሩ። «እሜቴ፣ ትናንት ሻዩን ባላጠጣዎት ኖሮ ይሻል ነበር ማለት ነው?»

«ለሥራው ይሻል ነበር።»

«ዛሬም በበሬ ቢያልፉ አጠጣዎታለሁ።» ትንሽ አሰቡ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከዚህ ጉዳይ ወጥተናል ብለዋል። ሦስታችሁም?»

«ሦስታችንም።»

«ከወጣችሁ ነገ ሥራ የላችሁም። ሦስት ናችሁ። ከኢትዮጵያ ናችሁ።» እጃቸውን ወደ ካሜራው ዘረጉ። «እኛ የለመንነው ሦስት ሰው ከአገር ቤት አምጡልን ብለን አልነበረም?»

አቶ በላይ «ይሄማ ጭራሽ...» አሉ። ወይዘሮ አስቴር ወጥተው መኪናው ውስጥ ገቡ። ወደ ቤት ስንመለስም፣ እራት ላይም፣ ስለዚያ ነገር አልተነፈሱም። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ሲኒማ ቤቴ ውስጥ ስንት ሰው መጨረሻውን ሳያይ መብራት ጠፍቶበት ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሰው በገንዘቡ ሳይሆን በዚያ ነው የሚናደደው።

እሑድ

ጠዋት ወይዘሮ አስቴር ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ለቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነበር።

«ደንቡ የበላ ድምፅ አይስጥ ነው የሚለው» አሉ። «ፊት አያሳይ የሚል አላገኘሁበትም፣ ስፈልግ ነው ያደርኩት። ክፍያ አንቀበልም። አዲስ አበባ ስንመለስ ሁሉንም አፍረጥርጬ እናገራለሁ።» ከዚያ ወደ ዘሀራ ዞረው፣ «የኔ ቃል የቱ ነው?»

ቃላቸው አንድ ነች። ሦስቱ ዘመዶች ቤት ገብተው ሲቀመጡ ወሬኛዋ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ጋሽዬ አገር ቤት ትልቅ ሰው ነበሩ አይደል? እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ሽማግሌው ድሃ እንደነበሩ ያውቃሉ። ትልቋ ዘመድ ሽማግሌውን ታያቸዋለች፣ ከዚያ «አዎ» ትላለች። ያ ነው መጨረሻው።

እኔና አቶ በላይ ቃል የለንም። ማርታ «ዝም ብላችሁ ግራ ተጋቡልኝ» አለችን። ከሐሙስ ጀምሮ ስንሠራው የቆየነውን ነው የጠየቀችን። ቢሆንም እኔ ዓይኔ ካሜራውን እያየ አስቸገርኳት። አቶ በላይ ሻንጣ ተሸክመው ሲገቡ ጫማቸው አሁንም ስላልገባ በነጠላ ጫማ ነበሩ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸው ምን እንዳሳቀው አላወቁም። «ይሄው ነው፣ እንዳይነኩት» አለች ማርታ።

ብዙ ጊዜ ተደገመ። ዘሀራ ትጠይቃለች፣ እኛ እንተያያለን፣ ወይዘሮ አስቴር አፋቸውን ይከፍቱና «አዎ» አልወጣ ይላቸዋል። «ሐሰትኮ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ማላገጣቸው አልነበረም። «ምስክር ፊቴ እየማለ ሲዋሽ ስቀጣ ነው የኖርኩት።»

ጋሽ ንጉሤ ከወንበራቸው ተነስተው፣ በእጃቸው እየዳበሱ መጥተው፣ ፊታቸውን ከወይዘሮ አስቴር ፊት አጠገብ አደረጉ። ያን ያህል ካልቀረቡ አያዩም። «እሜቴ፣ የሚጠይቁዎት ስለ ሀብቴ አይደለም» አሉ። «ይዩኝና ያዩትን ይናገሩ።» ተመልሰው ተቀመጡ።

ዘሀራ እንደገና ጠየቀች። ወይዘሮ አስቴር ረዘም አድርገው አዩአቸው። ጋሽ ንጉሤም አዩአቸው፤ ማየት ይሁን መስማት ለይቼ አላውቅም። «አዎ» አሉ ወይዘሮ አስቴር፣ በለሆሳስ። «ነበሩ።» ነበሩ የምትለዋ ስክሪፕቱ ላይ የለችም። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው አልነበረም።

ሰኞ

ሰይድ ኤርፖርት አደረሰን። ዘሀራ ለመንገድ ስንቅ ቋጥራልን ነበር። አቶ በላይ የተረፈውን በሶ ለማርታ ትተውላት፣ የዘሀራን ቋጠሮ አውሮፕላን ላይ ከፍተው ለእኔ እንኳ ሳያቀምሱ ጨረሱት።

አዲስ አበባ

ቦርዱ ተሰበሰበ። ጸሐፊው እንደ ደንቡ ጠየቀ፣ «ከአመልካቹ የተቀበላችሁት ነገር አለ?»

«አዎ» አሉ ወይዘሮ አስቴር። ዓሣውን፣ ሾርባውን፣ ዳቦውን፣ ሮዝ አንሶላውን፣ እሑድን፣ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። የቀሩት ሁለት አባላት አፋቸውን ከፍተው አዳመጡ። ከዚያ ሦስታችን ወጥተን ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ጉዳዩም ለሚመጣው ዓመት ተላለፈ።

ኮሪደሩ ላይ ሳለን ሰይድ ደወለ፣ ስልኩን ለጋሽ ንጉሤ ሰጣቸው።

«አለፈ?» አሉኝ።

«አላለፈም ጋሼ። ለሚመጣው ዓመት ብለውታል።»

«ይሁን። እኔ አይቼዋለሁ። ማርታ ቆርጣ አያይዛ አመጣችልኝ፣ አፍንጫዬን ስክሪኑ ላይ ለጥፌ አየሁት።» ሳቁ። «አንተ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርክም፣ ካሜራ ካሜራ ታያለህ። ያቺ ሴትዮ ግን ተዋናይት ናት። በዚህ ዓይኔ የመጨረሻ ያየሁት ጥሩ ነገር እሷ ናት፣ ንገርልኝ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ወይዘሮ አስቴር ግድግዳውን እያዩ «ምን አሉ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቦርሳቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተው ወንበሩ ላይ አደረጉ፣ መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ሌላ ክፍል የለውም?» አሉ።